ያልተተረጎመው ጥያቄ

ዲንቄ አባቷን የምትፈራው ስለሚቆጡ አልነበረም። ኦቦ ጆቴ ሲቆጡ ያየ የለም። የምትፈራቸው ስለማይዋሹ ነው።

በወንጂ የአገዳ ሠራተኞች ሠፈር ይህ ጠባያቸው እንደ ተረት ይወራል። የመስኖ ውኃ ጠባቂ ናቸው። አንድ ክረምት አህያቸው የሰው በቆሎ ግጣ፣ ባለበቆሎው በስሕተት ሌላ ሰው ይዞ ሲካሰስ፣ ኦቦ ጆቴ ማንም ሳይጠራቸው ከሸንጎው መሐል ቆመው «የጋጠችው የእኔ አህያ ናት» ብለው ካሣውን ከፈሉ። ከዚያ ወዲህ ባልና ሚስት ቢጣላ፣ ጎረቤትና ጎረቤት በቦይ ውኃ ቢቧቀስ ለሽምግልና የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ለሠፈሩ በረከት ነበሩ፤ ለቤታቸው ግን ጣጣ። ሚስታቸው ሻሼ «ለጆቴ የነገራችሁትን ለገበያ እንደነገራችሁት ቁጠሩት» እያለች ልጆቿን ያሳደገችው በከንቱ አይደለም።

በዚያ በ1978 ዓመተ ምሕረት ደግሞ ቤቱ ውስጥ ለገበያ የማይነገር ነገር ነበር። የዲንቄ ታላቅ ወንድም ፈይሳ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ከሄደ በኋላ ከማሠልጠኛው ጠፍቶ መጣ። አሁን መቂ፣ አንድ የሽንኩርት እርሻ ላይ፣ በሌላ ሰው ስም ውኃ ያጠጣል። እዚያ ወስደው ያስቀመጡት ራሳቸው ኦቦ ጆቴ ናቸው። ልጃቸውን መሸሸግ ለእሳቸው ውሸት አልነበረም፤ የጠየቃቸው ሰው የለማ! የተጠየቁ ዕለት ግን «አዎን፣ መቂ ነው» ብለው የባለእርሻውን ስም ጭምር እንደሚናገሩ ዲንቄ እንደ ስሟ ታውቃለች።

ጥያቄው የመጣው ደግሞ ከምትወደው ሰው አፍ ነው።

ሐዲስ የናዝሬት ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነው። ለመመረቂያው ጥናት የሠራተኛውን ሥነ ምግባርና የፖለቲካ አመለካከት ቤት ለቤት እየዞረ ይጠይቃል። ጎረቤት ቢሰርቅ ምን ያደርጋሉ? ቃል ኪዳን ይበልጣል ወይስ ሕግ? ስብሰባ የሚሄዱት አምነውበት ነው ወይስ እንዳይቀሩ? እንዲህ እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች ናቸው። ኦሮምኛ ለሚናገሩት የምታስተረጉምለት በመሠረተ ትምህርት አስተማሪነቷ የምትታወቀው ዲንቄ ናት። ፈቃድ የሰጡት ሰዎች ሁለት ነገር አዝዘዋል። አንደኛ፣ ጓድ ይርጋለም የሚባል ካድሬ በየቤቱ አብሮ ይቀመጣል። ሁለተኛ፣ እነሱ የጻፉት አንድ ጥያቄ ከሐዲስ ጥያቄዎች ጋር ዘጠነኛ ሆኖ ይገባል።

ይርጋለም ከሩቅ አገር በቅርቡ የተመደበ ነው፤ ኦሮምኛ አንድ ቃል አይሰማም። ስለዚህ ሴቶቹ ፊቱ ላይ እንደልባቸው ይቀልዳሉ። ቀመሪያ የምትባለው ጎረቤት ሐዲስን ከእግር እስከ ራሱ አይታ፣ «ይህን ቀጭን ልጅ እናቱ አታበላውም እንዴ? ዲንቄ፣ ውሰጂና አወፍሪው» ብላ ቤቱን በሣቅ ሞላችው። ዲንቄም በኦሮምኛ፣ «ቢሰጡኝማ ዛሬውኑ እወስደው ነበር» ብላ መለሰች። ሐዲስ ምን አለች ሲል ግን ዓይኗን ሳትሰብር «ትምህርት እንዳይጎዳህ ብላ ነው» አለችው። እሱም ፈገግ ብሎ «አመሰግናለሁ በያት» አለ። ከዚያ ቀን በኋላ ዲንቄ ለሴቶቹ የምታወራው በዛ። ዓይኑን እንደምትወደው፣ ሲጽፍ ከንፈሩን እንደሚነክስ፣ ከሠፈሩ ሲወጣ ቀኑ እንደሚረዝምባት ሁሉ እሱ አጠገቧ ተቀምጦ ተናገረች። ማን ይሰማታል?

ግን የሐዲስ አባት ናዝሬት ላይ የሚፈሩ ባለሥልጣን ናቸው። የእሷ አባት ደግሞ በባዶ እግራቸው ቦይ ለቦይ የሚውሉ ሰው። የሴቶቹ ሣቅ የሚቆመውም እዚህ ላይ ነበር።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ የሚጠየቁት ቤቶች በዕጣ ሲለዩ ይርጋለም በገዛ እጁ ከዕጣው ጣሳ ውስጥ የኦቦ ጆቴን ቤት ቁጥር አወጣ።

ዲንቄ ሐዲስን ቦዩ ዳር ለብቻው አገኘችው። ከስኳር ፋብሪካው ጭስ ማውጫ የሚበተነው ጥላሸት በነጭ ሸሚዙ ላይ ያርፋል፤ የሞላሰሱ ሽታ አየሩን ሞልቶታል።

«እኛ ቤት ስትመጣ ዘጠነኛውን ዝለለው» አለችው።

«ለምን?»

«ለእኔ ብለህ።»

ሐዲስ ፊቱ ጠቆረ። «ዲንቄ፣ እኔም እጠላዋለሁ። የእኔ ጥያቄ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። ግን ይርጋለም የሚመጣው ለእሱ ብቻ ነው። ስምንቱን ሲያንቀላፋ ቆይቶ ዘጠነኛው ላይ ይነቃል። ብዘለው ራሱ ይጠይቃቸዋል።»

«እንግዲያው አባቴ መንገድ ሄደዋል በለው።»

«ጎረቤታችሁ ደሊል ወደ ደራ ሄዷል ሲባል ምን እንደሆነ አላየሽም? በማግሥቱ አስጠርተው፣ ምን ፈርተህ ሸሸህ ብለው አሰሩት።» ጠጋ ብሎ ዓይኗን ፈለገው። «ቤታችሁ ውስጥ የሆነ ነገር አለ እንዴ? ንገሪኝ።»

ቃሉ እስከ ጉሮሮዋ መጣ። ሌላ ወንድ ቢሆን፣ የአናጢ ልጅ፣ የነጋዴ ልጅ ቢሆን፣ እደረቱ ላይ ተደፍታ ትነግረው ነበር። ይህ ግን ማታ ማታ ከማን ጋር ማዕድ እንደሚቀርብ ታውቃለች። የወንድሟን ነፍስ ለዚያ ማዕድ እንዴት ታቀርብ?

«ምንም የለም» አለች።

«አታምኚኝም ማለት ነው።»

«አንተንስ አምንሃለሁ። የምትገባበትን ቤት ነው የማላምነው።»

ሐዲስ ሸሚዙ ላይ ያረፈውን ጥላሸት ለማራገፍ ሲሞክር ይበልጥ አዳረሰው፤ እሱንም ትቶ ሄደ። ዲንቄ በእሱም በራሷም ተናደደች።

በማግሥቱ ጠዋት እናትና ልጅ ኦቦ ጆቴን ከቤት ለማስወጣት ያልሞከሩት ዘዴ የለም። ሻሼ የታመመ ዘመድ አስታወሰች፤ ዲንቄ የተደረመሰ ቦይ ወሬ አመጣች። ኦቦ ጆቴ ሁለቱንም አዳምጠው፣ «እንግዳ ይመጣል ተብሎ ደጅ ጥሎ መሄድ ነውር ነው» አሉና በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ።

እንግዶቹም መጡ። ሐዲስ በዝቅተኛው በር ጎንበስ ብሎ ገባ፤ ዲንቄን ቀና ብሎ አላያትም። ይርጋለም ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። ጥያቄው ተጀመረ። ኦቦ ጆቴ የሚያውቁት አማርኛ ከገበያና ከአለቃ ትእዛዝ አያልፍም፤ ስለዚህ ሐዲስ ያነባል፣ ዲንቄ ትተረጉማለች፣ አባቷ ይመልሳሉ። ጎረቤት ቢሰርቅ? «መጀመሪያ ምን ቸገረህ ብዬ እጠይቀዋለሁ።» ስብሰባ የሚሄዱት ለምንድን ነው? «ካልሄድኩ ስሜን ስለሚይዙት።» ዲንቄ ይህችኛዋን «ለመማር ነው» ብላ አለሰለሰቻት። ሐዲስ ጻፈ። ይርጋለም አዛጋ።

ዘጠነኛው ደረሰ፤ ይርጋለምም ነቃ።

ሐዲስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበ፦ «የቅርብ ዘመድዎ የእናት አገርን ጥሪ ንቆ ቢኮበልል፣ ለሚመለከተው አካል ያሳውቃሉ ወይስ ይሸሽጋሉ?»

ኦቦ ጆቴ ከዚህ ሁሉ አማርኛ «እናት አገር» ከምትለዋ በቀር የሰሙት የለም። ፊታቸውን ወደ ልጃቸው መለሱ። ዲንቄ ሌሊቱን አንድ ምትክ ጥያቄ አዘጋጅታ ነበር፤ የጎረቤት ከብት አገዳ ውስጥ ቢገባ ለዘበኛ ይናገራሉ ወይ ብላ ልትጠይቅ። ነገር ግን የአባቷ ፊት የልጅ ነገር የተጠየቀ ሰው ፊት መሆን እንዳለበት ታያት፤ ይርጋለም ፊት ያነባል። የላም ነገር የተጠየቀ ሰው ፊቱ አይከብድም። እና አፏን ስትከፍት የወጣው በሆዷ ሲብላላ የከረመው ሆነ።

«አባ» አለች በኦሮምኛ፣ «ይህ የተቀመጠው ልጅ ሽማግሌ ቢልክ፣ እኔን ይሰጡታል?»

በር አጠገብ የቆመችው ሻሼ መቀነቷን ጨበጠች። ኦቦ ጆቴ ግን አልደነገጡም። ሰውየው ጥያቄ ሲመጣላቸው የሚያውቁት መመለስ ብቻ ነው። ለረጅም ጊዜ አሰቡ፤ ፊታቸውም በእውነት ከበደ።

«ልጁን አልጠላሁትም» አሉ ወደ ሐዲስ ጠቁመው። «ጎንበስ ብሎ ነው የገባው፤ ሽማግሌ ያከብራል። አባቱ ግን የጉተማን ልጅ ከዚያ ማዶ ደጅ በመኪና አስጭኖ ሲወስድ ቆሜ አይቻለሁ። ልጁ አልተመለሰም። ጉተማ ዛሬም ጎረቤቴ ነው፤ ማለዳ ማለዳ ሰላም እንባባላለን። ልጄን ለዚያ ቤት ድሬ ጉተማን በምን ዓይኔ አየዋለሁ? አልሰጥም።»

ዲንቄ የምትለው ተዘጋጅቶ ነበር። «አሳውቃለሁ ብለዋል» ማለት ብቻ ነው። ነገር ግን «አልሰጥም» የሚለው ቃል ከጆሮዋ ገብቶ ልቧ ላይ ስለተቀመጠ ምላሷን ማንቀሳቀስ አቃታት።

«ኧረ ረጅም ነገር ተናገሩ» አለ ይርጋለም ከግድግዳው ቀና ብሎ። «ጉተማ ሲሉ ሰምቻለሁ። ጉተማን ምን አሉት? ለምንስ ወደ ጓድ ሐዲስ ጠቆሙ?»

ዲንቄ ክው ብላ ቀረች። ይርጋለም ከመቀመጫው ተነሣ።

«እኔ ሰምቻቸዋለሁ» አለ ሐዲስ።

ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። ፊቱ አመድ መስሏል፤ እጁ ግን መጻፉን አላቆመም። «‹አባት በልጁና በአገሩ መካከል አይቆምም› ነው ያሉት። ‹ጎረቤቴ ጉተማም ልጁ ሲወሰድ አልቆመም፤ እኔም አሳውቃለሁ። ይኸው ልጅ ይጻፈው› አሉ።»

«አንተ ደግሞ ኦሮምኛ ከየት አመጣህ?» አለ ይርጋለም ዓይኑን አጥብቦ።

«እናቴ በኦሮምኛ አፏን የፈታች የደራ ልጅ ናት። መናገር ነው የሚያስቸግረኝ እንጂ እሰማለሁ።»

ይርጋለም ለአፍታ አሰበና ሣቀ፤ የኦቦ ጆቴን ትከሻ መታ መታ አደረገ። «ይህ ነው የነቃ ሠራተኛ!» አለ። ኦቦ ጆቴ ልጁን ትኩር ብለው አዩት። «አባት» የምትለዋን፣ «አገር» የምትለዋን፣ «ጉተማ» የምትለዋን ሰምተዋል፤ እነዚህ ሦስቱ እሳቸው ባሉት ውስጥ እንዲህ እንዳልተጋጠሙ ለማወቅ ብዙ አማርኛ አያስፈልግም። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ዲንቄ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣምራ አየቻቸው፤ በሕይወቷ እንደዚያ ሰውን ለምና አታውቅም። ኦቦ ጆቴ አፋቸውን ዘጉ። ለሌላ ሰው ዝም ማለት ምንም አይደለም፤ እሳቸው ግን በርጩማው ላይ ባንዴ አርጅተው ታዩ።

የቀሩት ጥያቄዎች እንዴት እንዳለቁ ዲንቄ አታስታውስም። የምታስታውሰው አንድ ነገር ነው። ሰምቷል። የዛሬውን ብቻ አይደለም፤ የቀመሪያን ቀልድ፣ የእሷን መልስ፣ ዓይኑን፣ ከንፈሩን፣ የሚረዝመውን ቀን፣ ሁሉን ሰምቷል። ፊቷ እሳት ሆነ።

በሩ ላይ ይርጋለም ሲጋራ ሲለኩስ ሐዲስ ዘና ያለ ለመምሰል እየጣረ፣ «ጓድ ይርጋለም፣ የእናቴ ቋንቋ እንዳይጠፋብኝ እስቲ በኦሮምኛ ልሰናበታት» አለ።

«ተለማመድ፣ ተለማመድ» አለ ይርጋለም በጭሱ ውስጥ።

ሁለቱ ፊት ለፊት ቆሙ። ይርጋለም ያያቸዋልና ሁለቱም ስለ ቤት ቁጥር እንደሚነጋገር ሰው ፊታቸውን አደረቁ። የሐዲስ ኦሮምኛ የሕፃን ኦሮምኛ ነበር፤ እናቱ ጉያ የተማረው፣ ከዚያ ወዲያ ያላደገ።

«መጀመሪያ ቀን ልነግርሽ ነበር» አለ። «ቀጭን ስትሉኝ አፈርኩ። ኋላ ‹ቢሰጡኝ እወስደው ነበር› አልሽ። ከዚያ እንዴት ልንገርሽ? ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ።»

«ሌባ ነህ» አለችው።

«ነኝ።»

«ልቤን ሰረቅህ አላልኩህም። ሰምተህ ዝም ያልክ ሌባ ነህ ነው ያልኩህ።»

«እሱንም ነኝ።» አላት። «ዲንቄ፣ ስለተወሰደው ልጅ አላውቅም ነበር። አባቴ ማታ አብሮን ይበላል፣ ይስቃል። አላውቅም ነበር።»

ይህን ሲል ድምፁ ተሰበረ፤ ንዴቷም አብሮ ተሰበረ። እጇን ልትዘረጋለት ፈልጋ ከጀርባዋ ቆለፈችው።

«ነገ ሌላ አስተርጓሚ ይስጡኝ እላለሁ» አለ። «ወደዚህ ሠፈርም አልመጣም።»

«አባቴ እምቢ ስላሉ ነው?»

«አይደለም። እኔ በሄድኩበት ይህ ሰውዬ አለ። ማታ ደግሞ የት ዋልክ የሚለኝ አለ። ዘጠነኛውን ጥያቄ ለምን እንደፈራሽው አልጠየቅኩሽም፤ አልጠይቅሽምም። ካልጠየቅኩ አላውቅም፤ ካላወቅኩ አይወጣኝም። ግን እኔ የምረግጠው ደጅ ላይ ሌላም ዓይን ይከተለኛል። ስለዚህ አልረግጠውም።» ከዚያ የሚለውን ፈለገ፤ ለትልቅ ነገር የሚሆን ቃል በሕፃን ቋንቋው ውስጥ አጣ። በመጨረሻ ሁሉም ሰው የሚያውቃትን አለ። «ሲን ጃለዳ» አላት፤ እወድሻለሁ።

«እሷን እንኳ ደጋግሜ ሰምቻታለሁ» አለ ይርጋለም ድንገት። «ሲን ጃለዳ። ምን ማለት ናት?»

ዲንቄ ጉሮሮዋን ጠረገች። «አመሰግናለሁ ማለት ናት» አለች።

ይርጋለም ተደሰተ። ወደ ሻሼ ዞሮ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ሲን ጃለዳ፣ እማማ!» አለ። ሻሼ አንዴ ካድሬውን፣ አንዴ ባሏን አየች፤ ሌላ ቀን ቢሆን ሠፈሩ ይህን ቀልድ ዓመት ይበላው ነበር። ዛሬ ግን የሣቀ የለም።

ሁለቱ ወንዶች በአገዳው ጥግ ባለው መንገድ ሄዱ። ይርጋለም ያወራል፣ እጁን ያወናጭፋል። ሐዲስ አንገቱን ደፍቷል። ዞር እንደማይል ዲንቄ ታውቃለች፤ ለምን ዞር እንደማይልም ታውቃለች፤ ማወቋ ግን አልጠቀማትም። አገዳ የጫነ ትራክተር መካከል ገብቶ ከለላቸው። ሲያልፍ መንገዱ ባዶ ነበር።

ኦቦ ጆቴ ወጥተው አጠገቧ ቆሙ።

«ያ ልጅ ቋንቋችንን ይሰማል?» አሉ።

«ይሰማል፣ አባ።»

«እኔ ያልኩትን ሁሉ?»

«ሁሉን።»

«ስለ አባቱ ያልኩትንም?»

«እሱንም።»

ከዚያ ዲንቄ በአማርኛ የተጠየቀው ምን እንደነበር፣ እሷ በምን እንደለወጠችው፣ ልጁም በምን እንደሸፈነው ነገረቻቸው። ለአባቷ ምንም መደበቅ አልፈለገችም፤ ምሥጢሯ ሁሉ አልቆ ነበር። ሰምተው ሲጨርሱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የሌለ ቃል በአፌ አስገባ» አሉ። «እኔም ዝም ብዬ አስገባሁት። ፈይሳ ልጄ ነው፤ ስትለምኚኝ ነገሩ የእሱ መስሎኝ ነው ዝም ያልኩት። ያ ልጅ ግን እኔ ፊት ለፊቱ ቤቱን ሰድቤው፣ አልሰጥም ብዬው፣ ለምን ዋሸልኝ?»

«ስለሚወደኝ ነዋ» አለች ዲንቄ፤ እንባዋም እዚያው ላይ ወረደ።

ኦቦ ጆቴ አላባበሏትም። «እንደሚሰማኝ ባውቅ ኖሮ…» ብለው ጀመሩና አቋረጡት።

ዲንቄ ቀና አለች። «ቢያውቁ ኖሮ ሌላ ይሉ ነበር፣ አባ?»

ሌላ አባት ቢሆን ለሚያለቅስ ልጁ ሲል «እንጃ» ይል ነበር። ሌላ አባት «ይሆናል» ይል ነበር። ኦቦ ጆቴ ጥያቄውን እንደሌላው ጥያቄ ሁሉ ተቀብለው እስከ መጨረሻው አሰቡበት።

«አልልም» አሉ። «ያንኑ ነበር የምለው።» በሻከረ መዳፋቸው ጉንጯን ዳበስ አደረጉት። «ብቻ ቀስ ብዬ እለው ነበር።»